ያልቀለጠው ወርቅ፤ የቢዛንታይን ሳንቲሞች ጌጥ ሲሆኑ

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንዲት አጭር የሕግ አንቀጽ ናት። ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ533 ባወጀው የሮማ ሊቃውንተ ሕግ ድርሳናት ስብስብ ውስጥ፣ ስለ አላባ መብት በሚናገረው ክፍል፣ ፖምፖንዮስ የተባለ የ2ኛው ምዕተ ዓመት ሊቅ አስተያየት ተጠቅሷል። የአስተያየቱ ፍሬ ነገር፣ ሰዎች እንደ ዕንቍ የሚያጌጡባቸውን አሮጌ የወርቅና የብር ሳንቲሞች አላባቸውን ለሌላ ሰው መናዘዝ ይቻላል የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንቀጹ ለምን አስፈለገ? እንደሚታወቀው፣ አላባ ማለት የሌላውን ሰው ንብረት ሳያጠፉ መገልገል፣ ፍሬውንም መብላት ነው። መሬት በአላባ ይሰጣል፤ ቤትም ይሰጣል፤ ጊዜው ሲያበቃ ሁለቱም ለባለቤታቸው ይመለሳሉ። ገንዘብ ግን የሚቆጠረው ከእህልና ከወይን ጠጅ ጋር ነው። ሰው ካላወጣው አይገለገልበትም፤ ካወጣው ደግሞ ከእጁ ይጠፋል። ሳንቲሙ ጌጥ ሲሆን ግን ይህ ሁሉ ይለወጣል። አንዲት ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ባንገቷ ብታደርገው አያልቅም፤ ስትሞትም ለተናዘዘለት ሰው እንዳለ ይተላለፋል። ሊቁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀመጠው ቁም ነገር እንግዲህ ይህ ነው፤ አንድ ዕቃ ቁሱ ሳይለወጥ፣ ምስሉና ጽሕፈቱ ሳይነካ፣ የተቀመጠበት ቦታ ስለ ተለወጠ ብቻ በሕግ ፊት ሌላ ነገር ይሆናል።

እኔ የሥነ ጽሑፍ መምህር እንጂ የሳንቲም አጥኚ አይደለሁም። ይሁንና ጥቅስን፣ ትርጉምን፣ ከአንድ ድርሰት ወደ ሌላው የተሻገረን ታሪክ በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ ዘወትር የሚገጥመን ጥያቄ ይኸው ነው። በዚህ ጽሑፍ ጌጥ የሆኑትን የቢዛንታይን ሳንቲሞች በምሳሌነት ወስጄ፣ አሮጌ ቃል በአዲስ ቦታ ሲገባ ሁለቱን አንድ ላይ ካላነበብን የምናጣው ምን እንደ ሆነ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ሳንቲሙ ጌጥ ከመሆኑ በፊት

ቈስጠንጢኖስ በ4ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ያስወጣው የወርቅ ሳንቲም በላቲን ሶሊዱስ፣ በግሪክ ኖሚስማ ይባላል። ከአንድ የሮማ ሊብራ ወርቅ 72 ሳንቲም ይወጣ ስለ ነበር፣ የአንዱ ክብደት 4.5 ግራም ገደማ ነው። የዚህ ሳንቲም ጥራት እስከ 11ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ከሞላ ጎደል ሳይበረዝ መቆየቱ በገንዘብ ታሪክ ውስጥ እምብዛም አቻ የለውም። በአንድ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ መልክና ስም፣ በሌላው በኩል ድልን የምታመለክት ባለ ክንፍ ምስል ወይም መስቀል ነበረበት። ስለዚህ በመዳፍ የሚያዝ፣ ሥዕልም ጽሕፈትም ያለበት፣ ማንበብ የማይችለውም ሰው ሳይቀር የሚያውቀው ጽሑፍ ነበር ማለት ይቻላል።

በ6ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ቆስማስ የተባለው ተጓዥ ስለዚህ ሳንቲም ግርማ የሚተርከው ታሪክ አለው። ሶጳጥሮስ የተባለ የሮማ ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር ወደ ስሪላንካ ይሄዳል። በዚያም ከአንድ የፋርስ ሰው ጋር በአገሩ ንጉሥ ፊት የማንኛቸው ንጉሥ እንደሚበልጥ ይከራከራሉ። ፋርሳዊው ብዙ ከተናገረ በኋላ ሶጳጥሮስ፣ ሁለቱም ነገሥታት እዚሁ አሉልህ፤ ሳንቲሞቻቸውን አስመጥተህ ተመልከት ይለዋል። የሮማው ጥሩ ወርቅ፣ የፋርሱ ብር ሆኖ ይገኛል፤ ፍርዱም ለሮማው ይሆናል። የታሪኩን እውነተኛነት ለጊዜው ትተን ሐሳቡን ብንይዝ፣ ሳንቲሙ የንጉሡ ምትክ፣ ንጉሡ በሌለበት የሚገኝ ንጉሥ ተደርጎ ይታይ እንደ ነበር እንረዳለን። አንጥረኛው በእጁ ያስገባው እንዲህ ያለውን ነገር ነበር።

የአንጥረኛው ምርጫ

ሳንቲምን ጌጥ ለማድረግ ሦስት ዋና ዋና መንገዶች ነበሩ። ቀላሉ መብሳት ነው። ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ከምስሉ ራስ በላይ ስለሚሆን ሳንቲሙ ሲንጠለጠል ንጉሡ ቀጥ ብሎ ይታያል። ነገር ግን የተበሳ ሳንቲም ከወርቁ ጥቂት ስለሚጎድል ወደ ገበያ ሲመለስ ዋጋው ያጠራጥራል። ሁለተኛው መንገድ ጠርዙ ላይ የወርቅ ማንጠልጠያ መበየድ ነው። ሦስተኛው ሳንቲሙን ምንም ሳይነኩ ዙሪያውን ክፈፍ ሠርቶ ማቀፍ ነው። ይህ ብዙ ወርቅና ብዙ ጥበብ ይጠይቃል፤ ነገር ግን ሁለቱም ገጾች እንዲታዩ ሊደረግ ይችላል። አንጥረኛው ከሦስቱ አንዱን ሲመርጥ፣ ከሁለቱ ገጾች የትኛው ከፊት እንደሚሆን ሲወስን፣ ሳንቲሙን እያነበበ ነው።

የሦስተኛው ዘዴ ዕፁብ ምሳሌ የቈስጠንጢኖስ ድርብ ሶሊዱሶች የተቀመጡባቸው የ4ኛው ምዕተ ዓመት ተንጠልጣይ ጌጦች ናቸው። ዛሬ በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም፣ በፓሪስ ሉቭር፣ በዋሽንግተን ደምባርተን ኦክስና በክሊቭላንድ ሙዚየም ተከፋፍለው ይገኛሉ። ክፈፋቸው እንደ ጥልፍ እየተፈለፈለ የተሠራ ወርቅ ሲሆን፣ በመካከሉ ከወርቁ ወጣ ብለው የሚታዩ ትናንሽ የሰው ራሶች አሉበት። ሳንቲሞቹ በ321ና በ324 በሲርሚየም የተመቱ ናቸው።

የ321ዱ ሳንቲም ጀርባ የሚያሳየው በዚያ ዓመት የቆንስልነት ማዕረግ የተሰጣቸውን የቈስጠንጢኖስን ሁለት ልጆች፣ ክሪስጶስንና ታናሹን ቈስጠንጢኖስን ፊት ለፊት ሲተያዩ ነው። ይሁንና ክሪስጶስ በ326 በገዛ አባቱ ትእዛዝ ተገደለ፤ ስሙም ከድንጋይ ጽሕፈቶች ተፋቀ። ድንጋዩ ሲፋቅ ወርቁ አልተፋቀም። አባት ከታሪክ ሊያወጣው የፈለገው ልጅ በጌጡ ጀርባ፣ ወደ ለባሹ ደረት ዞሮ፣ ስሙ እንደ ተጻፈ ቀርቷል። ሳንቲሙ ገንዘብ ሆኖ ቢዘዋወር ኖሮ ተሰብስቦ ሊቀልጥ ይችል ነበር፤ ጌጥ መሆኑ ግን እንዲቆይ አድርጎታል።

ድርድሩ የሚናገረው

አንድ ሳንቲም ብቻውን ሲንጠለጠል አንድ ነገር ይናገራል፤ ብዙ ሳንቲሞች ሲደረደሩ ደግሞ ድርድሩ ራሱ ይናገራል። በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኝ የ6ኛው ምዕተ ዓመት የደረት ጌጥ አለ። ከወፍራም የአንገት ቀለበት ሥር አንድ ትልቅ ክብ ወርቅ፣ ግራና ቀኙን ደግሞ ሳንቲሞች ተሰድረውበታል። ሳንቲሞቹ ከቀዳማዊ ቴዎዶስዮስ (379-395) ጀምሮ እስከ ዮስጢንያኖስ (527-565) ድረስ ያሉ ነገሥታት ናቸው። መካከለኛው ክብ ወርቅ ግን በመንግሥት የተመታ ሜዳሊያ ሳይሆን፣ አንጥረኛው ሜዳሊያ አስመስሎ የሠራው ነው።

ይህን ጌጥ እንደ አንድ ድርሰት ብናየው ምን እናነባለን? ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የሚራራቁ ነገሥታት በአንድ ደረት ላይ ተሰልፈዋል። የገንዘብ ዋጋቸውን ብቻ የሚፈልግ ሰው አዲሱን ከአሮጌው አይለይም፤ ሁሉም ያው ወርቅ ነው። ሰብስቦ የደረደራቸው ሰው ግን የመንግሥትን መቀጠል፣ የቤተሰብን ጥንታዊነት፣ ወይም ሁለቱንም እየተናገረ ነው። አንጥረኛው ደግሞ እውነተኛ ሳንቲሞችን በምስክርነት ግራና ቀኝ አቁሞ፣ የራሱን ሥራ በመካከል አስቀመጠ። ይህን ሥራ ከደራሲ ሥራ የሚለየው ብዙ አይደለም፤ ታዋቂ ጥቅሶችን ደርድሮ በመካከላቸው የራሱን ቃል የሚያስገባ ጸሐፊ በሁላችንም መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አለ።

የጋብቻ ጌጦች ይህን ይበልጥ ግልጽ ያደርጉታል። በቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት ከኬልቄዶን ጉባኤ ጋር ስማቸው የሚነሣው መርቅያንና ብርክልያ በ450 ሲጋቡ፣ ክርስቶስ በመካከላቸው ቆሞ የሚያሳይ ሶሊዱስ ተመትቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ፣ በ6ኛው መጨረሻና በ7ኛው ምዕተ ዓመት አካባቢ፣ ይኸው ሥዕል በወርቅ የሙሽራ መታጠቂያዎች ላይ ይታያል። በደምባርተን ኦክስ በሚገኘው መታጠቂያ ላይ ክርስቶስ ሙሽሮቹን ሲያጣምር ይታያል፤ ዙሪያውን ስምምነት፣ ጸጋና ጤና ከእግዚአብሔር እንዲሆንላቸው የሚመኝ የግሪክ ጽሕፈት አለ። ክብ ወርቆቹ ሳንቲሞች አይደሉም፤ የሳንቲምን መልክ የያዙ ናቸው። በቤተ መንግሥት ጋብቻ የተጀመረ ሥዕል ወደ ሌሎች ሙሽሮች ወገብ ሲሻገር የነገሥታቱ ስም ቀርቶ ምርቃቱ ቀረ።

የአፈወርቅ ተግሣጽ

ሰዎች ሳንቲም የሚያጠልቁት ለውበት ብቻ አልነበረም። በ4ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ለንኡሰ ክርስቲያን ሲያስተምር፣ የመቄዶንያውን እስክንድር የነሐስ ሳንቲም በራሳቸውና በእግራቸው የሚያስሩትን ሰዎች ገሥጿል። ከመስቀል በኋላ ተስፋችሁን በአረማዊ ንጉሥ ምስል ላይ ታደርጋላችሁን የሚል ነው የተግሣጹ መንፈስ። ለእኛ የሚጠቅመን የተግሣጹ ምክንያት ነው። እስክንድር ከሞተ ሰባት መቶ ዓመት አልፎታል፤ በሳንቲሙ ዳቦ የሚሸጥ የለም። ነገር ግን ከገበያ ከወጣ በኋላ ሌላ ኃይል አግኝቷል፤ ድል አድራጊነቱ ለታሰረበት ሰው ይተርፋል ተብሎ ታምኗል። ሰባኪው የተከራከረው ከብረቱ ጋር ሳይሆን ከአነባበቡ ጋር ነበር።

ከግዛቱ ወሰን ባሻገር

ሳንቲሙ ከግዛቱ ሲወጣ አንባቢዎቹም ይለወጣሉ። በ1797 ዛሬ ሩማኒያ በሆነው በሺላጂሾምዮ የተገኘውና በቪየና የሚገኘው ሀብት፣ የሮማ ነገሥታት ትላልቅ የወርቅ ሜዳሊያዎች በክፈፍና በማንጠልጠያ ተሠርተው የአንገት ጌጥ መሆናቸውን ያሳያል። ሜዳሊያዎቹን ነገሥታቱ በስጦታ ይሰጧቸው ነበር። የተቀበሉት የጎረቤት አለቆች ግን ሲያጠልቋቸው የንጉሡን ፊት የራሳቸው ክብር ምስክር አደረጉት።

ወደ ሰሜን ስንሄድ ነገሩ ይጠልቃል። በ2020 በዴንማርክ በቪንደሌቭ የተገኘው ሀብት የቈስጠንጢኖስንና የሌሎች የ4ኛው ምዕተ ዓመት ነገሥታትን ጌጥ የሆኑ ሳንቲሞች ይዟል። ከእነዚሁ ጋር ብራክቴአት የሚባሉ፣ በአንድ በኩል ብቻ የተመቱ ስስ የወርቅ ክቦች ነበሩ። የአገሩ አንጥረኞች የሮማን ሜዳሊያ እያዩ ሲቀዱ ንጉሠ ነገሥቱ ቀስ በቀስ የራሳቸው ጀግና ወይም አምላክ ሆነ፤ የላቲን ፊደል ቦታም ሩን ለሚባለው ፊደላቸው ተለቀቀ። ከቪንደሌቭ ብራክቴአቶች በአንዱ ላይ ያለው ጽሕፈት በ2023 ሲነበብ፣ ኦዲን የተባለው አምላክ ስም እስካሁን ከታወቁት ሁሉ ቀድሞ የተጻፈበት መሆኑ ተገለጸ፤ ዘመኑም የ5ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ ነው። እንግዲህ የክርስቲያን ነገሥታትን መልክ የተሸከመው የጌጥ ዓይነት የአረማውያኑን አምላክ ስም ለመጻፍ ቦታ ሰጠ ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር በኖርፎክ የተገኘው የዊልተን መስቀል ደግሞ በተቃራኒው ይጓዛል። በመካከሉ የሕርቃልና የልጁ ሶሊዱስ አለ፤ የተመታው በ613ና በ632 መካከል ነው። ዙሪያውን ጋርኔት በተባለ ቀይ ዕንቍ የተለበጠ የወርቅ መስቀል ተሠርቶለታል። አንጥረኛው ነገሥታቱን ወደ ጀርባ አዙሮ በደረጃ ላይ የቆመውን መስቀል ከፊት አደረገው። መስቀሉ ከማንጠልጠያው አንጻር የተገለበጠ ነው፤ ፊት ለፊት ለሚያይ ሰው የተዘቀዘቀ ሲመስል፣ ጌጡን አንሥቶ ወደ ታች ለሚያየው ለባሹ ግን ቀጥ ብሎ ይታያል። ይህን አቀማመጥ እንደ ስሕተት መቁጠር ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን የአንባቢን ቦታ የሚያመለክት አድርጌ አየዋለሁ። በገበያ ለሁሉም የታሰበው ምስል እዚህ ለአንድ ሰው ብቻ የሚነበብ ሆኗል።

በእኛ በኩል

ቀይ ባሕርን ይዘን ወደ አክሱም ዓለም ስንመጣም ይኸው ልማድ ይገኛል። ዛሬ በኤርትራ በምትገኘው መጠራ በ1960ዎቹ ፍራንሲስ አንፍሬ ባካሄደው ቁፋሮ፣ በነሐስ ዕቃ ውስጥ የተቀመጠ የወርቅ ጌጥ ተገኝቷል። በውስጡ መስቀሎች፣ ድሪዎችና ማንጠልጠያ የተሠራላቸው የ2ኛውና የ3ኛው ምዕተ ዓመት የሮማ ሳንቲሞች ነበሩ። ሳንቲሞቹ ከቈስጠንጢኖስ በፊት የነበሩ አረማውያን ነገሥታት ናቸው፤ አብረዋቸው የተገኙት መስቀሎች ግን የክርስትናን ዘመን ይመሰክራሉ። በሳንቲሙ ዘመን ብቻ ብንመራ ሀብቱን በጣም ወደ ኋላ እንወስደው ነበር። ሳንቲም ለጌጥ የሚሰጠው ከዚህ በፊት ሊሠራ አይችልም የሚለውን ወሰን ብቻ ነው፤ መቼ ተሠራ ለሚለው መልስ የሚሰጠው ክፈፉና አብሮት ያለው ነው።

በ1980 በደቡብ ምዕራብ የመን በአልመዳሪባ የተገኘው ሀብት ለንጽጽር ይጠቅማል። 1,194 የወርቅ ሳንቲሞች ሲሆኑ፣ 868ቱ የአክሱም፣ 326ቱ የሮማ ሶሊዱሶች ናቸው። እነዚህ ገንዘብ ሆነው እንደ ተቀበሩ ገንዘብ ሆነው ወጡ። የመጠራዎቹ ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ስለ አንድ ሰው ምርጫ የሚነግሩን ይበልጣል።

በቅርቡ ዘመን የነበረውን ማርትሬዛንም ማስታወስ ተገቢ ነው። 1780 የሚለው ዓመት እንደ ተጻፈበት ሲመታ የኖረው ይህ ጠገራ ብር አገራችን ገብቶ በሁለት መንገድ ጌጥ ሆኗል። አንጥረኛ አቅልጦ መስቀል፣ አምባርና አልቦ ሠርቶበታል፤ እንዳለም ማንጠልጠያ ተበይዶለት ከዛጎልና ከዶቃ ጋር ባንገት ተደርጓል። በመጀመሪያው መንገድ የኦስትሪያዋ ንግሥት ጠፍታ ብሩ ይቀራል፤ በሁለተኛው ንግሥቲቱም ብሩም ይቀራሉ። ቋንቋችን ራሱ የማዕድኑን ስም ለገንዘቡ ሰጥቶ፣ ብር ስንል ሁለቱንም እንድንሰማ አድርጎናል።

እዚህ ላይ ስለ ሰምና ወርቅ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት መሆኑን ሁላችንም እናስተምራለን፤ ሰሙ በሸክላ ተሸፍኖ ይቀልጣል፣ ወርቁ በቦታው ይፈሳል። በዚህ ምሳሌ የላይኛው ትርጉም የታችኛው ማደሪያ ነው፤ ወርቁ ከተገኘ በኋላ ሰሙን የሚፈልገው የለም። ጌጥ የሆነው ሳንቲም ግን በዚህ መንገድ አይፈታም። በክፈፉ ውስጥ ያለው ሶሊዱስ ገንዘብ መሆኑ ሳይቀልጥ ጌጥ ሆኗል፤ ገንዘብነቱና የንጉሥ ምስልነቱ ባይታወቅ ጌጥነቱም ባልከበረ ነበር። ሁለቱም ትርጉሞች ወርቅ ናቸው። ጥቅስን፣ ትርጉምን፣ የተሻገረ ታሪክን ለማጥናት ከሰምና ወርቅ ይልቅ ይህ ምሳሌ ይቀርበናል የምለው ስለዚህ ነው።

ክፈፉን የሚጥሉ እጆች

ታዲያ በእነዚህ ጌጦች ላይ የደረሰው ምንድን ነው? ከላይ የጠቀስሁት የደረት ጌጥ የአሲዩት ሀብት ከሚባለው ወገን ነው። በ1909 አካባቢ በግብጽ የጥንት ዕቃ ነጋዴዎች እጅ ከታየ በኋላ ተከፋፍሎ ወደ በርሊን፣ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ኒውዮርክና ወደ ለንደን ተበተነ። ዋልተር ዴኒሰን በ1918 የተበተነውን በመጽሐፍ ሰብስቦ ማጥናት ግድ ሆነበት። በ1902 በቆጵሮስ ከተገኘው ሀብት የሆነውና የንጉሠ ነገሥት ሞሪስ (582-602) ሜዳሊያዎች ያሉበት መታጠቂያም ከተገኘ በኋላ እንደገና የተገጣጠመ ነው። ስለዚህ ድርድሩ የመጀመሪያይቱ ባለቤት ነው ብለን ልናነበው አንችልም። ዓረፍተ ነገሩ ፈርሶ ቃላቱ ቀርተዋል።

ጉዳቱ ከነጋዴ ብቻ አይመጣም፤ የትምህርት ክፍፍላችንም ይተባበረዋል። የሳንቲም አጥኚው ዘውዱንና ጎፈሩን መርምሮ የንጉሡን ስምና የተመታበትን ከተማ ይመዘግባል፤ ማንጠልጠያው ለእርሱ እንከን ነው። የጌጥ አጥኚው ክፈፉን ያደንቃል፤ ሳንቲሙ ለእርሱ የዘመን ማመልከቻ ነው። በሁለቱ መካከል ሳንቲሙን መርጣ ክፈፍ ያሠራችለት ሴት ትጠፋለች።

የእኛስ ትምህርት ክፍል? ግብጻዊው ጳጳስ ዮሐንስ ዘኒቅዮስ በ7ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የጻፈውን ዜና መዋዕል እንውሰድ። ሕርቃልንና የግብጽን በዐረቦች መያዝ የሚተርከው ይህ ሥራ በመጀመሪያ ቋንቋው ጠፍቷል፤ የዐረብኛ ትርጉሙም ጠፍቷል። ዛሬ ያለው በ1602 ወደ ግእዝ የተመለሰው ብቻ ነው። ዞተንበርግ በ1883 ካሳተመው ወዲህ ብዙ ሊቃውንት ወደ እርሱ የሄዱት የ7ኛውን ምዕተ ዓመት ግብጽ ፍለጋ ነው። ግእዙን የጠፋው መጽሐፍ ያደረበት ማሰሮ አድርገው አዩት፤ አንዳንዶቻችንም ይህንኑ ተከትለን ለተማሪዎቻችን እንደ ውጭ አገር ታሪክ ምንጭ እንጠቅሰዋለን።

በ17ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ በኢትዮጵያ የነበሩ ሰዎች ግን ይህን መጽሐፍ መርጠው፣ በግእዝ ክፈፍ አስገብተው፣ ለራሳቸው ዘመን አንባቢ አቁመውታል። ለምን ይህን መረጡ? በተርጓሚው ቋንቋ የነገሥታቱ ስምና ማዕረግ እንዴት ተሰማ? ከፊትና ከጀርባ ምን አደረገ? እነዚህ የግእዝ ሥነ ጽሑፍ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሊመልሳቸው የሚገባውም የእኛ ክፍል ተማሪ ነው። ለማስተርስ ጽሑፋቸው ርእስ የሚፈልጉ ተማሪዎች ከዚህ ቢጀምሩ፣ ከተተረጎሙት የግእዝ መጻሕፍታችን አብዛኞቹ ይህን ዓይነት አንባቢ ገና እየጠበቁ መሆናቸውን ያገኙታል። ፖምፖንዮስ እንዳለው በጌጥነት የተያዘ ሳንቲም በመገልገል አያልቅም፤ በትርጉም የተያዘ መጽሐፍም እንዲሁ ነው። አላባው ለእኛ ተሰጥቶናል፤ ፍሬውን መልቀም የሚቀረው ሥራ ነው።